ጠጪ ተብሎ ስለታገደው ጉበቴ

ለተከበሩ ጋሽ አክሊል፣
የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ፣
ጉለሌ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለጉባኤው አባላት በሙሉ ጸጋና ሰላም እንዲበዛላችሁ፣ ወገባችሁም ጉልበታችሁም እንዲጸና፣ በተለይም ጉበታችሁ ስሙ በሰው አፍ ሳይነሳ በሰላም እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሙሉቀን፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ እየሸመንኩ የምኖር፣ በአጥቢያችንም የጌታ እራት በሚሰጥበት እሑድ ጽዋውን ለምእመናን ሳዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። «የጤናው ጉዳይ እስኪጣራ» በሚል ከዚሁ አገልግሎት እንዳርፍ ስለወሰናችሁልኝ ምስጋናዬን ለማቅረብ ይህን ጽፌያለሁ። ውሳኔው የተነበበው በምእመናን ፊት ስለነበር ምስጋናውም እዚያው ቢሆን ይሻላል ብዬ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሰሌዳ የማያነቡ ወጣቶች እንዳይቀርባቸውም በመዘምራን ቴሌግራም ልኬዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ድካም ሲበዛብኝና ቀኝ ጎኔን ከበድ ሲለኝ አዲሱ ገበያ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተር ሪሐና የምትባል ወጣት ሐኪም ደሜን አስመርምራ፣ ሆዴንም በአልትራሳውንድ አይታ፣ ስኳሬ ከፍ ማለቱን፣ የደሜ ቅባት መብዛቱን፣ ጉበቴም ላይ ስብ መከማቸቱን ነገረችኝ። እኔም እንደ ማንኛውም አማኝ በረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነሥቼ ስለ ጉበቴ ጸልዩልኝ አልኩ። ጥፋቴ ይህ ብቻ ነው። ረቡዕ ለጸሎት ያቀረብኩት ጉበት ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሰንብቶ፣ እሑድ ጠዋት በር ላይ የአረቄ ጉበት ሆኖ ጠበቀኝ።

በአንደኛ ደረጃ የማመሰግናችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው። እርስዎ በዕለቱ እኔ የሸመንኩልዎን ጋቢ ደርበው መምጣትዎ ትልቅ ክብር ሆኖ ተሰምቶኛል። የጉባኤው አባል ወንድም መሳይም በር ላይ ሲያቅፉኝ ከወትሮው ረዘም አድርገው አቅፈውኝ፣ ትንፋሼንም በአፍንጫቸው ሳብ አድርገው ሲያጣሩ፣ ለነፍሴ ምን ያህል እንደሚያስቡ ገብቶኛል። ከዚያም እጃችሁን ጭናችሁ የመጠጥን መንፈስ ገሠጻችሁልኝ፤ መንፈሱም ቀድሞውኑ ስላልነበረ ምንም ሳያስቸግር ወጣ።

ከጸሎቱ በኋላ ይዛችሁት የመጣችሁት አንድ ሳጥን ለስላሳ ተከፈተ። ሐኪሟ ከከለከለችኝ ነገር ሁሉ ፊተኛው ይኸው እንደሆነ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን በጠጪነት የተጠረጠረ ሰው ለስላሳ አልጠጣም ቢል፣ ታዲያ ምንድን ነው የሚጠጣው መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ስለ ንጽሕናዬ ስል ጠጣሁ፤ ስጨርስም ሁለተኛ ከፈታችሁልኝ። የቀረውን ሳጥን ባለቤቴ ምሥራቅ እንግዳ እስኪመጣ አልጋ ሥር አስቀምጣዋለች።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ በሽታው ራሱ ነው፤ ያለ ጉባኤው እገዛ ብቻዬን አላገኘውም ነበርና። ዶክተር ሪሐና እንዳስረዳችኝ ከሆነ በርግጥ መጠጥም ጉበትን ያሰባል፤ የእኔ ዓይነቱ ግን ከስኳር፣ ከቦርጭ፣ ከደም ግፊትና ከደም ቅባት ጋር ተያይዞ የሚመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሸማ ጉድጓድ ሳልወጣ ተቀምጬ መዋሌ፣ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ መውደዴ ድርሻ አላቸው። ለስላሳው ግን ዋናው ነው። እኔም ወሬው ከተነዛ በኋላ ተመልሼ ሄጄ መጠጥ ቀምሼ እንደማላውቅ ልምልላት ስል አቋረጠችኝና፣ «አይማሉ፣ አምንዎታለሁ። የኔም አባት እስላም ናቸው፣ መጠጥ በደጃቸው አልፎ አያውቅም፤ ጉበታቸው ግን እንደ እርስዎ ነው» አለችኝ። በዚያ ሳምንት አምንሃለሁ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወጣት ሳለን፣ እርስዎ የሰርግ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠላና ጠጅ በሚጠጣበት ድግስ ላይ የእኛ ሰው የለስላሳ ጠርሙስ ከፊቱ እንዳይታጣ፣ ባዶም ሆኖ እንዳይቆይ፣ ዓለም የምንጠጣውን አይቶ እንዲመሰክር አዝዘውን ነበር። እኔ ታዛዥ ነበርኩ። በየሰርጉ፣ በየምርቃቱ፣ በየልደቱ ሰው ከሚያየኝ ቦታ ተቀምጬ ምስክርነቴን ስጠጣ ኖርኩ። ያ ምስክርነት አንድም ሳይጠፋ ጉበቴ ላይ ተቀምጦ መገኘቱን በደስታ አሳውቃለሁ። ዶክተሯ መጠጥም ፈጽሞ እንዳልጀምር አስጠንቅቃኛለችና በዚህ ጉዳይ ላይ ከጉባኤው ጋር በአንድ ልብ ናት።

እግረ መንገዴን ስለ ጽዋውም ላንሳ። ጽዋው ውስጥ የሚፈሰው ምሥራቅ በቤታችን ዘቢብ ቀቅላ የምታዘጋጀው ጭማቂ ነው። ከታገድኩም በኋላ የምታዘጋጀው እሷው ናት፤ ጄሪካኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸክሜ የማደርሰውም እኔው ነኝ። ጉባኤው ጄሪካኑን አምኖ ጽዋውን የነሳኝ በምን ጥበብ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አሰብኩ። አልደረስኩበትም።

ሦስተኛው የእንጦጦ ጉዳይ ነው። መድኃኒት ይጻፍልኛል ብዬ ስጠብቅ ሐኪሟ ክብደቴን ቀስ በቀስ እንድቀንስና በየቀኑ እንድራመድ ነገረችኝ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት የውኃ ፕላስቲኬን ይዤ የእንጦጦን ዳገት መውጣት ጀመርኩ። ይህንን ያየ አንድ የሚቆረቆርልኝ ወንድም፣ ሙሉቀን በድብቅ ጠበል ጀምሯል ብሎ አመልክቶ ኖሮ፣ ስለ እምነት አቋሜ እንዳብራራ ጠራችሁኝ። ለጠበልተኞቹ አክብሮት አለኝ፤ በመንገድም ከእናንተ ይልቅ እነሱ ናቸው አይዞህ የሚሉኝ። ይሁንና በአንድ ዓመት ውስጥ ሰካራምም ጠበልተኛም መባል ለአንድ ሸማኔ ይበዛል ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን ክሶች አንድ ላይ ብትመለከቱልኝ ኖሮ ጊዜያችሁንም ትቆጥቡ ነበር፤ የምጠጣ ከሆነ ዳገቱን እንዴት እወጣዋለሁ?

አራተኛው ላይ ምስጋናዬ ይቋረጣል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ከእኔ ጎን ነጠላ የምትሸጠውን ሐመልማልን ታውቋታላችሁ፤ የምትዘምርላችሁ ልጅ ናት። ገና በልጅነቷ ስኳር አለባት፣ ወፈርም ብላለች። ስኳሯን የሚከታተልላት ሐኪም ጉበትሽን ታይተሽ ነይ ብሏት ነበር። የእኔ ጉዳይ በመድረክ ከተነገረ በኋላ ግን አልሄደችም። ለምን ብላት፣ «ጋሽ ሙሌ፣ እኔ ገና የማገባ ልጅ ነኝ። ስኳር ቢሉኝ ይሻለኛል፤ ጉበት ከተባልኩ ማን ያገባኛል?» አለችኝ። ይህ በሽታ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ይቆይና በአንዳንዱ ሰው ላይ ጉበቱን እንደ ድንጋይ አጠንክሮ የሚገድል ነው። ቀድሞ የታወቀለት ሰው ግን ሊመልሰው ይችላል፤ የእኔም እየተመለሰ ነው። እሷ የምትፈራው በሽታውን ቢሆን ኖሮ እመክራት ነበር። የምትፈራው እናንተን ነው። ይህን ስሰማ አዘንኩ፤ ተናደድኩም፤ ቁጣዬም ዛሬ ድረስ አልበረደም።

ስለዚህ ጽዋውን መልሱልኝ አልልም። የምለምነው በመጪው እሑድ፣ እገዳዬ በተነበበበት በዚያው መድረክ ላይ፣ ጉበቱን የተመረመረ ሁሉ ጠጪ እንዳልሆነ፣ ስኳር፣ ግፊት ወይም ቦርጭ ያለበት ሰውም ሐኪሙን ጠይቆ ቢመረመር እንደማያፍር በእርስዎ አንደበት እንዲነገር ብቻ ነው። ሐመልማል ከመዘምራን ጋር ከፊት ስለምትቆም በደንብ ትሰማለች። በሰርግ ጠረጴዛ ላይም ከለስላሳው ጎን ውኃ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ዓለም ውኃ ስንጠጣም ቢያየን ይመሰክርልናል።

ትንፋሼን በየጊዜው ለማጣራት ለምትደክሙት፣ እርምጃዬን ለምትከታተሉት፣ ስለ ጤናዬም ከእኔ ቀድማችሁ ለምታውቁት አባቶቼና ወንድሞቼ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ቦርጬን በከፊል፣ ትዕግሥቴን ግን በሙሉ ጨርሼ እሰናበታለሁ።

የጄሪካን ተሸካሚያችሁ፣
ሙሉቀን፣ ከሽሮ ሜዳ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት ለክትትል ክሊኒክ ሄጄ የአልትራሳውንድ ተራ ስጠብቅ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ጋቢውን እስከ ግንባሩ የተከናነበ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ይበልጥ ተከናነበ። ታይቶ ከወጣ በኋላ ውጤቱን እንዲሰማ ስሙ በተደጋጋሚ ቢጠራም ሹልክ ብሎ ሄዷል። ስሙን ልብ አላልኩትም፤ ፊቱንም አላየሁም። ጋቢው የእኔ ሥራ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ለብዙ ሰው ስለሸመንኩ ማንንም አልጠረጥርም። ምናልባት ጉባኤው የሚያውቀው ሰው ከሆነ፣ ዶክተር ሪሐና እየጠበቀችው መሆኑን፣ ምንም ቢያመው እንደማታሳፍረው ይነገርልኝ። ዳገቱን ብቻውን ከፈራውም ጠዋት በሬን ያንኳኳ፤ አብረን እንወጣለን። ለረቡዕ ጸሎት ግን እንዳያቀርበው አደራ።