ከሩጫው በኋላ ማን አለቀሰ

ቅዳሜ፣ የካቲት 4 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1፡30

እርሳስ ተቀረጸ። ሰዓት ተሞላ። ነገ የቀበሌዎች ሩጫ ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ቀጨኔን አቋርጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ዳገት፣ ከዚያ መልስ። እንደ ወትሮዬ ከመጨረሻው ክር ሃያ እርምጃ አልፌ እቆማለሁ። ፎቶ አንሺዎች ክሩ ላይ ይጋፋሉ፤ የሯጭ ፊት የሚገለጠው ግን ካለፈው በኋላ ነው። ሦስት ደቂቃ በሰዓት እየለካሁ ማን እንዳለቀሰ እጽፋለሁ። የቆጠራው ደብተር ለሁለት የተሰመረ፦ ወንድ፣ ሴት።

የዓመታቱን ቆጠራ ውጤት ባለፈው ወር በጋዜጣው የስፖርት ዓምዴ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ታስታውሳለህ የቀን ደብተሬ። ወንዶች ያለቅሳሉ፣ አሸንፈውም ተሸንፈውም፣ ያገኙት ሰው አንገት ላይ ተጠምጥመው። ሴቶች አያለቅሱም። ይቆጣሉ። ውሃ የሚሰጣቸውን ይገፋሉ፣ ለሰው ያስያዙትን ጫማ ይጠይቃሉ። ሠፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ሥጋ ሻጩ ባየኝ ቁጥር፦ «ጋሽ ታዬ፣ ዓይንህ ቀልቷል፤ ሮጠህ ነው እንዴ?»

3 ሰዓት፣ መ/ቤት

ወደ ሥራ ስመጣ የሠፈራችን መታጠፊያ ላይ ሦስት ሬሳ። ደረታቸው ላይ «ፀረ አብዮት» የሚል ወረቀት። የመካከለኛው መንጋጋ የለም። ያወቅሁት በጋቢው ጥለት ነው፤ ራሱ የሠራው። ደምሴ፣ ሸማኔው፣ የጎረቤቴ የወ/ሮ ማሚቴ ልጅ።

እናትየው ከሰዉ መሐል ቆመዋል። ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነው። አንድ አብዮት ጠባቂ በሴቶቹ ፊት እየዞረ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። ወ/ሮ ማሚቴ ነጠላቸውን ነክሰዋል። ዓይናቸው ደረቅ።

የሟች እኅት አስካለ ነገ ለቀበሌያችን ትሮጣለች። ብትቀር ሐዘን ተቀመጠች ይባላል። ስለዚህ ትሮጣለች።

እሑድ፣ የካቲት 5፣ ቀትር

ከወንዶች አንድ ሃምሳ አለቃ አንደኛ። ክሩን በጥሶ የቀበሌው ሊ/መንበር ትከሻ ላይ ወደቀና ተንሰቀሰቀ። ንፍጡ የሰውዬውን ካኪ አበላሸው። ሊ/መንበሩ በድምፅ ማጉያ የድል እንባ ነው አሉ፤ ተጨበጨበ።

ከሴቶች አንደኛዋ ጉልበቷ ተልጦ፣ ደም እስከ ካልሲዋ። ክር ያዡን በጥፊ መታችው። ሁለተኛዋ መሬት ተቀምጣ ሳቀች። ሦስተኛ አስካለ። አልቆመችም። ሃያውን እርምጃ ሮጣ ደረሰችብኝ፣ የኮቴን ክሳድ ጨመደደች። «ጋሼ፣ ደምሴን» አለች። ከዚያ አለቀሰች። በእንባ ብቻ አይደለም፤ ከሆዷ የሚወጣ ጩኸት ነበር።

እጄ የለመደውን ሠራ። «አስካለ፦ ታለቅሳለች» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል አብዮት ጠባቂው ስጽፍ እያየኝ ነው።

የደረት ቁጥሯን እንኳ ሳይፈቱላት ወሰዷት። መኪናው ላይ ስትወጣ በሰደፍ ወገቧን መቷት።

ሰኞ፣ የካቲት 6፣ 5 ሰዓት

ቀበሌ ተጠራሁ። በሊ/መንበሩ ጠረጴዛ ላይ የኔ ዓምድ፣ በመቀስ ተቆርጦ። አስካለ ድካም ነው ያስለቀሰኝ ብላለች።

«ጓድ ታዬ፣ ሴት ከሩጫ በኋላ አታለቅስም ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ አልኩ።

«እንግዲያ ይቺ ለምን አለቀሰች? ለሩጫው ካልሆነ ለወንድሟ ነዋ።»

ከጎን ክፍል የገመድ ድምፅ ይሰማል። ውስጥ እግር ላይ ሲያርፍ ድምፁ ከሌላ ገላ ይለያል። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ፦ «አይዞህ ጋሼ፣ ሯጭ ናት፤ እግሯ ይችላል» አለኝ። ሊ/መንበሩ ሳቁ።

ያለቀሰችው ለሩጫው እንዳልሆነ እስከ ዓርብ በጽሑፍ አረጋግጥ ተባልኩ። ማስታወሻዬን ልመልከት አልኩ። የፈሪ መልስ።

ረቡዕ፣ የካቲት 8፣ 12፡30 ጠዋት

ወ/ሮ ማሚቴ መጡ። አልተቀመጡም። ቆጥሬ ጽፌ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቆጥሬ ነው አልኳቸው። «በቆጠርከው ልጄን ሊገድሉብኝ ነው» አሉ፣ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው። ከዚያ፦ «እኔ ቻልኩት፣ ጋሽ ታዬ። እሷም ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ ችላው ነበር። ዳገቱ ጉልበቷን ጨረሰውና አመለጣት።»

እውነቱ ይኸው ነው። ሩጫው ነው ያስለቀሳት፤ ለወንድሟም ነው ያለቀሰችው። በዓመታት ደብተሬ ውስጥ ይህን ያህል ትክክል ዐረፍተ ነገር የለም። ግን ብጽፈው ምን ቻለች፣ ምን አመለጣት ይሉኛል። ትክክሉ ይገድላታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 9፣ 4 ሰዓት

ለአዘጋጁ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጠሁት።

እርማት። ባለፈው ወር በስፖርት ዓምድ ሴት ሯጮች ከውድድር በኋላ አያለቅሱም ተብሎ የወጣው የጸሐፊው ስሕተት ነው። ሴቶች ድካም ሲጸናባቸው በብዛት ያለቅሳሉ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። በስምህ እርማት ወጥቶ አያውቅም አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ ለረጅም ጊዜ ጠረገ፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚዎች ላከው። ነገ ጠዋት ይወጣል።

ዓርብ፣ የካቲት 10፣ ከጠዋቱ 4፡30

ጋዜጣውን ይዤ ሄድኩ። ሊ/መንበሩ እርማቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ጋዜጣ እንኳ ይሳሳታል። ስሕተቱን ያወቅህበትን ደብተር አምጣ። እስከ 9 ሰዓት። ደብተሩ ከጋዜጣው ከተስማማ ቤቷ ትሄዳለች።» ካልተስማማስ አላልኩም። ጥበቃው ነገረኝ፤ ሁለታችሁንም አንድ መኪና ይበቃችኋል አለ፣ ፈገግ ብሎ።

እያለሁ አወጧት፣ በሁለት ሰው ብብት ተይዛ። ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቋል። ውስጥ እግሯ ጥቁር፣ ተልጦ፣ ሲሚንቶው ላይ ምልክት እየተወ። አላለቀሰችም። አንዱ ውሃ በጣሳ ሰጣት፤ በክንዷ ገፋችው፣ ፈሰሰ። አየችኝ፣ በቁጣ። «ጫማዬስ?» አለች።

ያ እግር ምንም ጫማ አይገባለትም።

5፡30፣ ቤት

ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። የድሮዎቹ የቆጠራ ደብተሮች በሙሉ ከጓሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ ይገባሉ። አንተም ትገባለህ የቀን ደብተሬ፤ እውነቱን ከነሱ የበለጠ የያዝከው አንተ ነህ። በባዶ ደብተር አዲስ ቆጠራ እጽፋለሁ፤ ስሞቹ እንዳሉ ይሁኑ፣ ውድድሩ እንዳለ ይሁን፤ የምለውጠው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። የሁለት ዓመቱ ይበቃቸዋል። በየጊዜው የተጻፈ እንዲመስል ሰማያዊና ጥቁር ቀለም፣ አንዳንዱ በእርሳስ።

ወ/ሮ ማሚቴ በር ላይ ተቀምጠዋል። ስሞቹን ከድሮው ደብተር ስገለብጥ በድምፅ አንብባቸው አሉኝ። ለምን አልኩ። መስማት እፈልጋለሁ አሉ። እየጻፍኩ አነብላቸዋለሁ፦

ዘነበች፣ አለቀሰች። ትርንጎ፣ አለቀሰች። አበበች፣ መሬት ወድቃ አለቀሰች። ዘውዴ፣ አለቀሰች። ሙሉነሽ፣ አለቀሰች። አስካለ፣