ባለ ድርብ ጎማው የኮሪን ፒክአፕ

ለውድ እህቴ ለሜልባ፣

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የእናንተ አገር የሜይን ብርድ ቀድሞ የሚገባው አንቺ ጉልበት ውስጥ ስለሆነ ሐሳቤ ካንቺ አይለይም። እማማስ እንዴት ናት? እህል ትቀምሳለች? እንቅልፍስ ይወስዳታል ወይስ ዛሬም ራዲዮኗን አቅፋ ነው የምታነጋው? ዴሊያና ልጆቿስ ደኅና ናቸው? እኔና ዱዌይን ጤናችን ደኅና ነው። እኔን ግን ሰሞኑን ክፉኛ ይዞኝ የነበረ ነገር አለ፤ እሱም ቅናት ነው። ሳቂብኝ፣ ግድ የለም። በስልክ ያልነገርኩሽ ተሳቢ ቤታችን ግድግዳው ስስ ስለሆነና ዱዌይን ሁሉንም ስለሚሰማ ነው።

ቤታችንን ሸጠን ይህን ተሳቢ መግዛታችንን ታውቂያለሽ። የተሳሳትነው ጎታቹ ሳይኖረን ቤቱን መግዛታችን ላይ ነው። እንደኛ ጡረታ የወጣ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በወጥ ቤቱና በሶፋው ፍቅር ይወድቅና ማን እንደሚጎትተው የሚጠይቀው ከፈረመ በኋላ ነው። ቤቱ አንገቱን የሚያሳርፈው ፒክአፑ ጀርባ ላይ ነው፤ የዱዌይን አሮጌ ፒክአፕ ደግሞ እንኳን ሊሸከመው አጠገቡ መቆሙም ይከብደዋል። የተከራየነው ሾፌር ራቶን ከተማ ዳር ካለው የተሳቢ ቤቶች ማቆሚያ አድርሶን ሄደ፤ እኛም እዚያው ቀረን። በረዶው ሳይጥል ወደ ደቡብ ካልወረድን ቧንቧው ሁሉ ይፈነዳብናል፤ ያለን መኖሪያ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ፊት ለፊታችን ኮሪን የምትባል ሴት ትኖራለች። ባሏ ቨርጂል ካቻምና ሞቶባታል። ከኋላ ባለ ድርብ ጎማ የሆነ፣ ጠንካራ የናፍጣ ፒክአፕ ትቶላታል። «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጥፋበታለች፤ የመጣውን ሁሉ ግን አነጋግራ ባዶ እጁን ትሸኘዋለች። ዱዌይን አንድ ቀን ሊያየው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማየቱ አላልቅ አለ። በየጠዋቱ ፊቱን ይላጫል፣ የተተኮሰ ሸሚዙን ይለብሳል፣ መንገዱን ይሻገራል። አሁን አንቺ ፍረጂኝ፤ የሞተር ዘይት ለማየት የተተኮሰ ሸሚዝ ይለበሳል?

እኔ በመስኮት ነው የማያቸው። ኮፈኑን ከፍተው አንገታቸውን ያስገባሉ፤ ቆይተው ሳቅ ይሰማል። ለእኔ ስንት ዓመት የነፈገኝን ሳቅ ለእሷ ይዘረግፍላታል። ሴትዮዋ ደግሞ መኪናው ሥር ተንሸራታ ገብታ ስትወጣ ጉንጯ ላይ የቀረው ግራሶ እንኳ ያምርባታል! አንጀቴ አረረ። ሲመለስ «ዛሬስ ምን አየህ?» እለዋለሁ። «ባሌስትራውን» ይለኛል፤ ከጎማው በላይ ጭነቱን የሚሸከመውን ብረት ማለቱ ነው። ትናንት ባሌስትራ፣ ዛሬም ባሌስትራ። «ታዲያ ትሸጣለች አትሸጥም?» ስለው ዓይኑን ሰብሮ «እያሰበች ነው» ይላል።

እኔም እያሰብኩ ነበር። ተራራውን ተሻግረን ትሪኒዳድ የሚባል ከተማ ያለ ሻጭ ዘንድ አንድ ነጭ ፒክአፕ አገኘሁ። ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ቀለሙ ያበራል፣ የተሳቢው መያዣም ተገጥሞለታል። ከሁሉም በላይ የኮሪን አይደለም። ሻጩ «እመቤቴ፣ ይሄ ተራራ ነው የሚጎትተው!» አለኝ። ዱዌይን በሩን ከፍቶ ቁጢጥ አለና በሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈችውን፣ መኪናው ስንት ክብደት እንደሚሸከም የምትናገረውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ትዋይላ፣ መጎተቱን ይጎትት ይሆናል፤ መሸከሙን ግን አይችልም። የቤቱ አንገት የሚያርፈው እኮ ጀርባው ላይ ነው» አለኝ። እኔ በአፉ ውስጥ የሰማሁት የኮሪንን ድምፅ ነበር። «አንተ የምትፈልገው የሴትዮዋን ፒክአፕ ነው ወይስ ሴትዮዋን?» አልኩት፣ ሻጩ ፊት። ዱዌይን እስከ ጆሮው ቀላ። ቁልፉን ከሻጩ ተቀበለ፤ ፒክአፑን ለሙከራ ይዘን ተመለስን።

እኛ ዘንድ ሰው ተሳቢ ሲያያይዝ ጎረቤት ሁሉ ወንበሩንና ቢራውን ይዞ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቴሌቪዥን ለማንም ትዝ አይለውም። ያን ቀንም ማንም አልቀረም። ዱዌይን ነጩን ፒክአፕ ከቤቱ አንገት ሥር አስገባና ክብደቱን ቀስ አድርጎ አሳረፈበት። ፒክአፑ ከኋላው ቁጭ አለ! አፍንጫው ተነሥቶ መብራቶቹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አንዱ ሽማግሌ «ትዋይላ፣ ወፍ ልታድኚበት ነው እንዴ?» ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው ኮሪን ብቻ ናት። ክንዷን አጣጥፋ ታየኛለች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ዱዌይን ነጩን ሊመልስ እንደሄደ ኮሪን በሬን አንኳኳች። «ከባልሽ ጋር የምነጋገረው አልቋል። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እኔን ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?» አልኳት፣ እንድትገባ እንኳ ሳልጋብዛት። «ንጂው።» «እኔ እንዲህ ያለ ግንብ የሚያህል ነገር አልነዳም!» ስላት «ለዚህ ነዋ ያልሸጥኩላችሁ» አለችና ደረጃዬ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። «ቨርጂል ያንን ተራራ ስንወርድ ደረቱን ያዘ። ዳር አውጥቶ አቆመው፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ከተማው ከታች ይታየኛል፤ የሆስፒታሉን ጣሪያ ሳይቀር አየዋለሁ። መንዳት አላውቅ፤ ተሳቢውን ፈትቼ መሄድም አላውቅ። ሁሌ እሱ ነበር የሚያደርገው፣ እኔ ካርታ ያዥ ነበርኩ። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሲደርሱ እጁ ቀዝቅዞ ነበር። መንዳቱን የተማርኩት ከቀበርኩት በኋላ ነው። ይሄን መኪና የሚገዛ ባልና ሚስት ሁለቱም ይነዱታል፤ አለበለዚያ እዚሁ ዝጎ ይቅር።»

ለካ ዱዌይን በየጠዋቱ የሚሄደው «እሷን ተይያት፣ ትፈራለች፣ እኔ እበቃለሁ» እያለ ሊለምናት ኖሯል። ሸሚዙም የልመና ሸሚዝ ነው። አፌ አላርፍ ብሎ «ሳቁስ?» አልኳት። «የቤተ ክርስቲያኑን አጥር በመኪና እንዴት እንደጣልሽው እየነገረኝ ነዋ!» አለችኝ። እታለም፣ ሲስቁ የከረሙት በእኔ ነው! ከቅናቱ ይልቅ ይሄ አበሸቀኝ። በዚያው ብሽቀት ተነሥቼ ቁልፉን ከእጇ ተቀበልኳት።

ባዛር የሚቆምበት ባዶ ሜዳ ወስዳ አለማመደችኝ፤ መጀመሪያ ባዶውን፣ ኋላም የእሷን ተሳቢ አስራልኝ። ቁልቁለት ላይ «ፍሬኑ ላይ አትቁሚበት! ማርሽ ቀንሺ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝልሽ!» ብላ ትጮህብኛለች። ወደ ኋላ ስነዳ ደግሞ «ስፖኪዮውን እዪ እንጂ እኔን ምን ታዪኛለሽ? እኔ ቆንጆ አይደለሁም!» ትለኛለች። ቆንጆ ነሽ ብዬ እኮ ነው አንጀቴ ሲያርር የከረመው፣ ልላት ምንም አልቀረኝም። ማያያዙንም መፍታቱንም በገዛ እጄ አደረግሁት። ማታ ማታ ዱዌይን በር ላይ ተቀምጦ «ዛሬም ከኮሪን ጋር ዋልሽ?» ይለኝ ጀመር፣ ፊቱን አጥቁሮ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ቤታችንን የሷ ፒክአፕ ላይ ስናሳርፈው ወገቡ ንቅንቅ አላለም። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አቁመን መዘንነው፤ አልፏል። ፈረምን፣ ተጨባበጥን። የወጣን ዕለትም መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ዱዌይን ከጎኔ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር ላይ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል። በኮሪን ደጅ ስናልፍ ቆማ ነበር፤ እጇን አላነሣችም። ፒክአፑን የምትሰናበት መስሎኝ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። ፒክአፑን አልነበረም የምታየው። ጎን ለጎን የተቀመጥነውን እኔንና ዱዌይንን ነበር። ያንን ዓይን ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ እኔም ያንኑ ዓይን ይዤ ነው በመስኮት ስመለከታት የከረምኩት። ልዩነቱ፣ እሷ የምትቀናበት ነገር እውነት መሆኑ ነው። አንድ ደግ ቃል ልላት ፈልጌ ነበር፤ አልፌያት ሄድኩ።

እማማን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ራዲዮኑን ግን አትንጠቂያት። ለዴሊያ ናፍቆቴን ንገሪያት፤ ልጆቿን አንድ በአንድ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ዱዌይን ሁላችሁንም እጅ ይነሳል፤ አሁን ከጎኔ እያንኮራፋ ነው። ለባልሽ ለራስል ሰላምታዬ ይድረሰው። ብቻ እታለም፣ የሱን ጀልባ ማስነሳትና ወደ ወደቡ መመለስ ታውቂበታለሽ? ካላወቅሽ ነገ ጠዋት አብረሽው ውጪና መሪውን ተቀበዪው። ቢቆጣሽም አትልቀቂ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ትዋይላ

ሶኮሮ፣ ኒው ሜክሲኮ
ኦክቶበር 17 ቀን 2019