ሰው ሳይሞት የወረደ ሙሾ

ይድረስ ለምወድሽም ለተቀየምኩሽም ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉሮሮሽስ ተሽሎሻል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዷል። አርብ ገበያም እንደምታውቂው ነው፤ አቧራውም ሐሜቱም አልቀነሰም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። አራት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። አንዴ ስቱዲዮ ናት አሉኝ፣ አንዴ ልምምድ ላይ ናት፣ ሁለቴ ማንም አላነሳውም። አሁን ደግሞ መደወሉን እኔው ፈራሁት። አንቺ ከሰው ድምፅ ውስጥ የማትሰሚው ነገር የለም።

ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ መዝፈን ስትጀምሪ አገሩ አዝማሪ ሆነች ብሎ ሲያማሽ፣ ሐሜተኛውን ሁሉ አፍ አፉን ያለችልሽ እማዬ ናት። የመጀመሪያው አልበምሽ ሲወጣ፣ ይሄ ሶል የምትሉት ሙዚቃ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከአንጀት የሚዘፈን ነው አሉ አልኳት። እሱማ የእኔ ሥራ ነው ብላ ሳቀች። ከእስቴ እስከ ስማዳ ለቅሶ የምትጠራ ሙሾ አውራጅ ምን ትበል ታዲያ!

አምና መጥተሽ በስልኬ ካልቀዳሁሽ ስትያት፣ ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው ብላ እምቢ አለችሽ። ሦስት ቀን ለመንሻት። በመጨረሻ ከሞተ ሃያ ዓመት ለሞላው ለአባባ ብላ አወረደችልሽ፤ ለማንም እንዳታሰሚ አስምላሽ። አንቺ ግን ከሳክስፎን ጋር ቀላቅለሽ ለአገር በተንሽው።

ዘፈኑ በወጣ ሰሞን፣ አንድ አርብ ሞባይል ጠጋኙ ፍሬው በትልቁ ስፒከር ለቀቀው። ገበያተኛው የእማዬን ድምፅ ለየው። እሷ እንዲህ የምታለቅሰው ማን ሞቶባት ነው? አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ሞታለች ተባለ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ አህያውን ከነጭነቱ ትቶ እየጮኸ ደጃችን ደረሰ። እማዬ ሽንብራ እየለቀመች ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ከመደቡ ወደቀች። በሕይወት መኖርሽ ሲታወቅ ደግሞ ሐዘኑ ወደ ቁጣ ዞረና እንባዋን ሸጠች አሏት።

ከዚያ ወዲህ የሚጠራት ጠፋ። የይስማው እናት ሲሞቱ ሳትጠራ ሄደች፤ አልቃሾቹ መሐል አላስገቧትም። ዳር ቆማ ቆይታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንቺ መጥተሽ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመሽ፣ ለምኜ ነው ሙሾውን ያስወረድኳት፣ መሐላዬን ያፈረስኩ እኔ ነኝ እንድትይላት። በየሳምንቱ መናኸሪያው ድረስ ወርዳ ትጠብቅሽ ነበር። እኔም የሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች እያልኩ ስዋሻት ከረምኩ። በዚህ በዚህ ነው የተናደድኩብሽ፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ለማንም አትንገሪ እንጂ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ያንን ዘፈን እየመላለስኩ እሰማለሁ። እሷ ብቻዋን ያለችበት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ወዲያው ባንዱ ይገባባታል። ያልተቆረጠው ቅጂ በእጅሽ ካለ እባክሽ እንዳታጠፊው። ይዘሽልኝ ነዪ።

ይህን ደብዳቤ የያዙት አጎታችን መምሬ ገብረ መድኅን ናቸው። ብቻቸውን አልመጡም። አንብበሽ ስትጨርሺ ተቀመጪ ካሉሽ፣ እንደ ልማድሽ አትከራከሪያቸው።

የቤተ ልሔሟ እመቤት ታጽናሽ። ሌላ አልቃሽ አላስጠራሁም፤ አንቺን እየጠበቅሁ ነው።

ታላቅ እህትሽ