ድኅነት ወይስ ድህነት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ደጅዎ ይድረስ። ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ ደረጃውን እሺ ይላል? ዓይንዎስ፣ ባሰበት ወይስ እንደዚያው ነው? ይህን የምታነብልዎ እህቴ ድምፅዋን ከፍ ታድርግልዎ። እማዬ ካጠገባችሁ ከሌለች ግን ትጥራት፤ ጉዳዩ እሷንም ይመለከታል። እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

መጽሐፍዎን ተይቤ ጨርሻለሁ። ስምንት ወር ሙሉ የማተሚያ ቤቱ ሥራ ሳይጀመር ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ገጽ ስለቅም ከርሜ ሦስቱም ደብተሮች አለቁ። ችግሩ ጣቶቼ ናቸው። አራት ነጥብ መምታት ሲገባኝ ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየመታሁ አልፌአለሁ፤ አንዱን ቃል ደግሞ ሦስት ዓይነት ጽፌዋለሁ። በልጅነቴ ሃሌታው ሀ ከብዙኃኑ ኀ ሲምታታብኝ ጆሮዬን የቆነጠጡኝ በከንቱ ነበር።

እዚህ መነጽር የምንለው አራሚ አዘነልኝና ኮምፒውተሩ ላይ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባል የፍለጋ ዘዴ አሳየኝ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን የቃሉን መልክ ነግረው ያስፈልጉታል። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ህን፣ ሕንና ኅን አብሬ ከከተትኩለት ሦስቱንም ባንዴ ያመጣልኛል። ያን ሁሉ የተሳሳተ ነጥብ በአንድ ምት አራት ነጥብ አደረግሁት። የስምንት ወር ጥፋቴ በአንድ ጠዋት ሲጠራ ጊዜ ልቤ አበጠ።

ያበጠ ልብ መች ምክር ይሰማል! ድ ብዬ፣ ሦስቱን በቅንፍ ከትቼ፣ ነት ብዬ ጨረስኩና ሁሉንም «ድህነት» ብለህ ተካ አልኩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ ተካ። አስቀምጬ ዘጋሁት፤ ቅጂ አላስቀረሁም። ከሰዓት በኋላ መነጽር አንድ ገጽ አንስቶ፣ አባትህ «ጌታ ሆይ፣ ድህነትን ስጠኝ» ብለው ይጸልያሉ እንዴ ሲል ጠየቀኝ። መጽሐፍዎ ከዳር እስከ ዳር ድኅነት የነፍስ መዳን፣ ድህነት የእጅ ማጣት፣ ሁለቱም ለየቅል መሆናቸውን የሚያስረዳ ነው፤ እኔ በአንድ ጣት አንድ አደረግኋቸው። አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።

መነጽር አልተቆጣኝም። ይህ ነገር ይፈልጋል እንጂ አይፈርድም፣ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተውና አንድ በአንድ ሂድ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ከፊትና ከኋላው ካሉት ሃያ ሃያ ፊደላት ጋር እያስወጣሁ ከደብተርዎ ጋር አመሳከርኩ። መቼም ሰው አይማርም፣ «የነፍስ» የሚል የሚቀድመውን ሁሉ ባንዴ ልመልሰው አስቤ ነበር። ደግነቱ ቀድሜ አየሁት፤ አንድ ቦታ ሆነ ብለው «የነፍስ ድህነት» ብለዋል። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ትከሻዬ ደንዝዟል፣ ፊደል ማየት አስጠልቶኛል። እርስዎ በዚያ ዓይን እንዴት እንደጻፉት ሳስብ ግን በማማረሬ አፍራለሁ።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ወደየቦታቸው ተመልሰዋል። አንዲቱ ቀረች። በመጀመሪያው ገጽ ለእኛ ለልጆችዎ በጻፉት ቃል ላይ «እናታችሁ ከእኔ ያገኘችው» ካሉ በኋላ፣ በዚህችው ቃል ሁለተኛዋ ፊደል ላይ ቀለም ፈሶባታል። መስኮት ላይ ለጥፌ አየኋት፣ በማጉያ አየኋት፣ አልለይም አለች። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ የቸገረኝም ይኸው ነው። የእኛ ወረፋ በወሩ መጨረሻ ነው፣ አንዴ ከታተመ ማረም የለም።

እህቴን ስለማንበቧ አመሰግናለሁ። አናጢውን ባሏን፣ የጠረጴዛዬን እግር ያለ እሱ የሚያስተካክል ጠፋ በሉልኝ። አልሰማም እያለች ሁሉን የምትሰማውን አክስቴንም ጉንጯን ሳሙልኝ። የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። እርስዎ የጻፉትን ረስተውት ከሆነ፣ እሷ ያገኘችውን አትረሳምና ይጠይቋት። እሷ ያለችውን አትማለሁ።

ልጅዎ

ከማተሚያ ቤቱ ፎቅ
ግንቦት ፱ ቀን