ለምርቃቱ የቀዳሁት ላምባ

ለተከበሩ የፈጠራ ሥራዎች አስተባባሪ፣ ለአቶ አካለ ወልድ
ሞጣ

ጤናዎ በመሣሪያዬ ምርቃት ቀን እንዳደረጉት ንግግር ረጅምና ያልተቆራረጠ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ እኔ በኬሚካል ምህንድስና የተመረቅሁት ይታገስ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፦ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ታፍኖ ሲቃጠል የሚወጣውን ጋዝ ወደ ነዳጅ የሚለውጠው መሣሪያዬ ገና ሳይሞቅ፣ ሪፖርቱ ከሰኔ ሠላሳ በፊት እንዲደርስ ብለው ሪባኑን ቀድመው ስላስገዙልኝ አመሰግናለሁ። ካታሊስቱ፣ ማለትም ጋዙ ወደ ነዳጅ እንዲለወጥ የሚያግዘው የብረት ዝገት፣ ሦስት ቀን ቀስ እያለ መሞቅ እንዳለበት ሳስረዳዎት፣ አንድ ቀን ይበቃል ብለው ሳይንሱን ስላሳጠሩልኝም እንዲሁ።

ሁለተኛ፦ ዝገቱን በአመድ ውኃ ነክሬና አድርቄ ስሞክረው፣ ከዚያ በፊት ከቧንቧው ወጥታ የማታውቅ፣ ጋዙ ወደ ነዳጅ መለወጥ መጀመሩን የምታሳይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰም አገኘሁ። የሁለት ዓመት ልፋቴ እሷ ነበረች። እርስዎ ግን ይኼማ ጧፍ ነው፣ እንግዶቹ ማየት የሚፈልጉት የሚቀዳ ነገር ነው አሉኝ። መቼስ እውነትዎን ነው፤ ሰም አይቀዳም።

ስለዚህ ቀዳሁ። በጠርሙሱ ውስጥ አይተው ያጨበጨቡለት፣ ኩራዙንም ያበራው ላምባ ነበር።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ሦስተኛው ግን የእኔ ጥፋት ነው። ዝገቱንም ቧንቧውንም በነጻ የሰጡኝ በያጁ ጋሽ አብዱሰመድ ኩራዙ ሲበራ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አሁን እርስዎ ለቢቸና ያዘዟቸውን ሁለተኛ መሣሪያ ለመጨረስ የሰው በርና መስኮት ትተው፣ ለመጣው ሁሉ የእኔ ዝገት መብራት አበራ ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ቧንቧ እይዝላቸው ነበር። ትናንት ግን ኩራዙን ያበራው ላምባ መሆኑን ነገርኳቸው። መበየጃቸውን አጥፍተው፣ ያቺ ሰምስ እሷም ውሸት ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሷስ እውነት ናት አልኳቸው። ታዲያ አንተ ልጅ፣ እውነቱ በእጅህ እያለ ምን አስዋሸህ? አሉኝ። 

በምርቃቱ ቀን የሸለሙኝን የምስክር ወረቀት ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ካታሊስቱ በወጉ እስኪሻሻል ድረስ የቢቸናው ሥራ እንዲቆም፣ ምንም የማያውቁት ጋሽ አብዱሰመድም በእኔ ጥፋት እንዳይወቀሱ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ላልሠራው ሥራ የተጨበጨበለት፣ በሠራው ያፈረ፣
አክባሪዎ
ይታገስ ስጦታው

ማስታወሻ፦ ላምባውን ያወጣሁት ከቢሮዎ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። መጠየቂያው ላይ «ለምርቃቱ ኩራዝ፣ ሁለት ሊትር ላምባ» ብዬ በጉልህ ጽፌ ነበር፤ ሳያነቡ ስለ ፈረሙልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።