ኮርኒሱ እስኪጠገን

ሰኞ

ዛሬ እማዬ ላይ ጮህኩ። መድኃኒቱን ደጋግማ ተፋችው። እጇን ያዝኩ፣ ከሚገባው በላይ አጥብቄ። "አትቆጣኝ ልጄ" አለችኝ። ሰማንያውን ካለፈች ቆይታለች። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከወጥ ቤት መጥታ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ዝናቡ አልቆመም። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ የካ ላይ ተኝቷል። የእማዬ ክፍል ጣራ ያፈሳል። ኮርኒሱ ረጥቦ ስለረገበ ትናንት አስነሣሁት፤ አሁን ቆርቆሮውና ወራጁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጣራ ስቆጣጠር ኖሬ የገዛ ቤቴ እንዲህ ሆነ።

ማክሰኞ

የካቶሊክ ቁምስናችን ቄስ አባ ዮሴፍ ደወሉ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላቃታት ሐሙስ ቅዱስ ቁርባን ላምጣላት ወይ አሉ። ኮርኒሱ እስኪጠገን ይቆዩ አልኳቸው። ቤቱ ለእንግዳ አይሆንም፤ ለእንዲህ ያለ እንግዳማ ጭራሽ። ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁን ተባባልን።

ጥሩወርቅ ሰምታኝ ኖሮ፣ "ለማን ነው የምታሳምረው?" አለችኝ። ለጌታ አልኳት።

"ጌታማ በረት ውስጥ ተወልዷል። ያንተ ቆርቆሮ አያስደነግጠውም።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የተናደድኩት ልክ ስለሆነች ነው።

ረቡዕ

እማዬ ጠዋት አጥሚቱን ለመዋጥ ተቸገረች። ሐኪሙ መዋጥ እየከበዳት ይሄዳል ብሎን ነበር። "ለሚቀጥለው ሳምንት" ያልኩት ነገር ቀኑን ሙሉ ሲመላለስብኝ ዋለ። ቢሆንም ለአባ መልሼ አልደወልኩም። ኮርኒስ ሠሪውም ቀረ። "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል። ሱቁ ካለበት ከሲግናል እኛ ቤት ድረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ የለም። ሰደብኩት።

እውነቱን ልጻፍ። ኮርኒሱ ሰበብ ነው። አባ ከመጡ "እርስዎስ?" ይሉኛል። ከቆረብኩ ዓመት አለፈኝ። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፤ ሰው ሊቆርብ ሲነሣ እኔ ወንበሬ ላይ እቀራለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ እሰድባለሁ፦ ሠራተኞቼን፣ ሹፌሩን፣ አሁን ደግሞ የታመመች እናቴን። በእንዲህ ያለ አፍ እንዴት ይቀበሉታል?

ይህንኑ ለጥሩወርቅ ነገርኳት። "እኔ የእንጦጦ ልጅ ነኝ" አለች። "እኛ ሰፈር 'አልበቃሁም' እያሉ ማርጀት የተለመደ ነው። አንተ ካቶሊኩ ከማን ተማርከው?"

ከአማቶቼ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ

አባ መጡ። ጥሩወርቅ ሳትነግረኝ ደውላላቸው ነው። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ ግን ትንሿን ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ አልብሳ፣ ሻማ አብርታ ጠበቀቻቸው። ለምሳ ስገባ በሩ ላይ ተገጣጠምን። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ቅዱስ ቁርባኑን የያዘችውን፣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሏትን ትንሽ ቦርሳ ሳይ ዘጋሁት።

ወለሉ ላይ ባልዲዎች፣ ውኃው ይንጠባጠባል። አባ በዕድሜ ልጄ የሚሆኑ ወጣት ናቸው። ባልዲዎቹን ተሻግረው አልጋው አጠገብ ቆሙ። ጣራውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እማዬ ብዙ ነገር ጠፍቶባታል፤ "ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም" የሚለውን ጸሎት ግን ከሳቸው ጋር እስከ መጨረሻው አለችው። እኔ ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም።

ሊያቀብሏት ሲሉ ሙሉውን መዋጥ እንደማትችል በእጇ አሳየች። አባ ቆረሱላት። እንደምንም ዋጠችው። ከዚያ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች፣

"የቀረውን ለሱ" አለች።

አልተናዘዝኩም፣ አይገባኝም አልኩ። አባ ቁራሹን በጥንቃቄ ሻማው አጠገብ አኖሩት።

"የሚገባው ሰው ያለበት ቤት አላውቅም፣ ጋሼ። ይምጡ፣ በረንዳው ላይ እንሁን።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፄን ከፍ አድርጌ መናዘዝ ነበረብኝ። ጥሩወርቅ ሳትሰማ አልቀረችም። ትስማ። የእናቴን እጅ እንዴት እንደያዝኩ ነገርኳቸው። አላባበሉኝም፣ አልገሠጹኝምም። ከኃጢአቴ ፈቱኝ።

ገባንና ተቀበልኩ። ደስታ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። የመጣው ድካም ነው፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ ያወረደ ሰው ድካም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ቅዳሜ

ኮርኒሱ ገና ነው። እማዬ የሐሙሱን ረስታዋለች። ጠዋት፣ "አባ መቼ ነው የሚመጡት?" አለችኝ። መጥተው ነበር አልኳት።

"አንተም ተቀበልክ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እሰይ" ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ነገርኳት። አሁንም ጠየቀች። አራተኛው ላይ ድምፄ ከፍ አለ። ጥሩወርቅ ወጥ ቤት ውስጥ የሽንኩርት መክተፏን ስታቆም ሰማሁ። ወንበሩን ስቤ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንደገና እስክትጠይቀኝ ጠበቅኩ።

ጠየቀችኝ።

ቀስ ብዬ፣ "አዎ፣ ተቀብያለሁ" አልኳት።

"እሰይ" አለች።