ስለ ወለላ፣ ስለ ገና ዛፉ እና ስለ ማህደር እጅ

ለተከበሩ አቶ ግዛው
በጄኔቫና በዙሪክ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ኦኔ፣ ጄኔቫ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ እንደምን ሰንብተዋል? የደም ግፊትዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከስብሰባ ስብሰባ የሚያደርስዎ ወገብዎ ሁሉ በደህና ይሁንልኝ። ድምፅዎ ደህና መሆኑን ባለፈው እሑድ በማኅበሩ የስልክ ቡድን ከላኩልን ረጅም የድምፅ መልእክት ስለተረዳሁ እሱን አልጠይቅም። ድመትዎ ወለላም በጤና እንደምትገኝ፣ ጅራቷ ላይ የተለበለበው ፀጉር መልሶ መብቀል እንደጀመረ በዚያው መልእክት አብሥረውናል፤ ተመስገን ብለናል። በመልእክቱ ውስጥ ስሟ ያልተነሣው ማህደርም፣ ጠይቀው ባያውቁም፣ በሕይወት አለች።

እኔ የወይንሐረግ እባላለሁ። ነዋሪነቴ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ነው፤ የማኅበራችንን የገና አዳራሽ የማስጌጥ ኃላፊነት እርስዎ ራስዎ የሰጡኝ አባል ነኝ። በግል ደውዬልዎ ያገኘሁትን መልስ ከዚህ በታች አሰፍረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሣት ስለተዉ ግን «በማኅበራችን ምስጢር የለም» እያሉ ሁልጊዜ የሚመክሩንን ምክር ተከትዬ በአባላት ሁሉ ፊት ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አምናው በዓል አመሰግንዎታለሁ። በኦኔ ባደረግነው ዝግጅት ላይ ወለላን በትከሻ ቦርሳ ይዘው መጥተው አዳራሹ ውስጥ በለቀቋት ጊዜ፣ ከሥራ መልስ ስንቆርጥ የሰነበትናቸውን የወረቀት መላእክት ክንፍ ክንፋቸውን ዘነጣጠለቻቸው፤ የሚያብለጨልጨውን ክር ግማሹን ውጣ ግማሹን ከአፏ አንጠልጥላ በየወንበሩ ሥር ስትሮጥም ሕፃናቱ የበዓሉ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ተዉአት፣ እየተጫወተች ነው» አሉ። ጌጡ እኛን እንጂ እርስዎን ስላላደከመዎ የእርስዎ ትዕግሥት ከእኛ መብለጡ አልገረመንም።

ሁለተኛ፤ ዘንድሮ ተራው የዙሪክ ስለነበር አስቀድሜ ደውዬ «አቶ ግዛው፣ እባክዎን ድመቷን ቤት ይተዉልን» ብዬ ለመንኩዎ። «ባለቤቴ ፌኔት ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ወለላ ብቻዋን ስትሆን ይከፋታል» አሉኝ። «ጎረቤት አያይልዎትም?» ብዬ ብጠይቅ «ወለላ ጎረቤት አትወድም» አሉ። የድመት ስሜት በዚህ መጠን የሚገባው ሰው ይመራናል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ እንግዲያውስ እኛ እንጠንቀቅ ብለን ሥራችንን ጀመርን።

እኛ ያልኩት እኔንና ማህደርን ነው። ለማያውቋት አባላት ልንገራቸው፤ ማህደር ወደዚህ አገር በልጅነቷ ብቻዋን የመጣች፣ ዛሬ ዋሊሰለን በሚገኝ ፀጉር ቤት የሙያ ትምህርቷን እየሠራች የምትማር ወጣት ናት። የያዘችው ወረቀት ኤፍ ነው፤ ኤፍ ማለት ደግሞ «ለጊዜው ተቀመጪ» እንደማለት ነው። ቢ የተባለውን ትክክለኛ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ቀይ መብራት እንኳ አይሻገርም፤ ትራም ላይ ትኬቱን ደጋግሞ ይዳስሳል። ማህደር እንዲህ ሆና ነው የከረመችው።

ዛፉን ያገኘነው ከግቢያችን ነው። የዚህ አገር ሰዎች ገናቸውን ጨርሰው ዛፋቸውን ደጅ ሲያወጡ የእኛ ገና ገና መድረሱ ስለሆነ፣ ጎረቤት ካወጣቸው አንዱን መርጠን እየጎተትን አዳራሹ ገባን። ቅጠሉ እስኪረግፍ ደርቆ ነበር። ማህደር አናቱን ከመስኮቱ እጀታ ጋር በገመድ አሰረችው፤ የሚሰበሩትን የመስታወት ኳሶች ወደ ላይ፣ ጨርቅ ጨርቁን ወደ ታች ሰቀለች፤ ድመት ሽታውን ትጠላለች ብላም የብርቱካን ልጣጭ በዛፉ እግር ዙሪያ በተነች። በረዶ ይሁን ብለን እንዳገራችን ልማድ ጥጥ አለበስነው፤ ደጅ እውነተኛው በረዶ እየወረደ እኛ ጥጥ ስንበትን ራሳችንን ስቀንበታል። ለብርሃን የኤሌክትሪክ መብራት ጠመጠምንበት። ለወለላም ካፖርት የሚሰቀልበትን ክፍል አዘጋጅተን፣ ውኃና ምንጣፍ አኖርንላት። እንደመጣችም እዚያ ገብታ፣ ሐሰት አልናገርም፣ እንቅልፏን ለጥ አለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ለመደርደር እጄ እምቢ ብሎኛል፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሰዉ ገብቶ ሳይቀመጥ እርስዎ ዛፉን ትኩር ብለው አዩና «ይህ የገበያ አዳራሽ መብራት ነው፤ ገና ያለ ሻማ ይሆናል?» ብለው ከቦርሳዎ የሻማ ፓኮ አወጡ። እያንዳንዱን በራስዎ እጅ ቅርንጫፉ ላይ ተከሉት፣ በራስዎ ክብሪት ለኮሱት። ቀረብ ብዬ «አቶ ግዛው፣ ዛፉ ደርቋል፤ ጥጥም አለበት፤ አዳራሹ ውስጥ እሳት ክልክል ነው ተብለናል» አልኩዎ። «የወይንሐረግ፣ አንቺ ደግሞ ሁሉን ትፈሪያለሽ፤ እኔ ኃላፊ ነኝ» አሉኝ። ይህን «እኔ ኃላፊ ነኝ» የሚል ቃል አባላት ልብ እንዲሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከአፍዎ የሰማሁት ያኔ ነውና።

ቀጥሎ ወለላ ነቅታ መጮህ ጀመረች። «ለእሷስ በዓል አይደለም እንዴ?» ብለው በሩን ከፈቱላት። መጥታ የብርቱካኑን ልጣጭ አሸተተች፣ አነጠሰች፣ ፊቷን አዞረች። ማህደር በደስታ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ወለላ ግን ዞራ የዳቦው ጠረጴዛ ላይ ወጣች፤ ከዚያ ተወርውራ የዛፉ መካከል ላይ ተንጠለጠለች። አንዱ ሻማ ጥጡ ላይ ወደቀ። ነበልባሉ ቅርንጫፉን ይዞ ወደ ላይ ሲሄድ እናቶች ልጆቻቸውን አፈፍ አድርገው ወደ በሩ ሸሹ፤ ወንዶቹም፣ እርስዎን ጨምሮ፣ ወደ ኋላቸው ሄዱ። ወደ ፊት የሄደችው ማህደር ብቻ ነበረች። የሚነደውን ጥጥ በባዶ እጇ መንጭቃ አወረደችና በጫማዋ ረገጠችው፤ ከዚያ ተመልሳ ቅርንጫፉን የሙጥኝ ያለችውን ወለላን በጅራቷ ላይ ካለው እሳት ጋር አላቅቃ ወረወረቻት። የቀረውን በባልዲ ውኃ አጠፋነው። በዚያ ሁሉ መካከል እርስዎ ለማህደር የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀስ ብለሽ ያዣት» አሏት።

እጇን ወጥ ቤት ወስጄ አቀዘቀዝኩትና ወደ ሆስፒታል ሄድን። የቀኝ እጇ መዳፍና ጣቶቿ ናቸው የተቃጠሉት፤ መቀስ የምትይዝበት እጅ። እኛ እዚያ ተራ ስንጠብቅ የአዳራሹ ኃላፊ፣ ፍራው ሜትለር የሚባሉት ወይዘሮ፣ የጭሱን ማስጠንቀቂያ ሰምተው መጥተው ሻማውን ማን እንዳበራ ጠይቀዋል። እርስዎም በተጣራ እንግሊዝኛ «አንዲት ወጣት ናት፤ እንዳታበራ ነግረናት ነበር» ብለው መልሰዋል። ስሟንም ሰጥተዋል። ፍራው ሜትለር ማህደር ጀርመንኛ የምትማርበት አዳራሽ ያው አዳራሽ ስለሆነ ነገሩን የማህደርን ጉዳይ ለምትከታተለው የመንግሥት ሠራተኛ አሳወቁ፤ ይህች ሠራተኛ ደግሞ ስለ ፈቃዷ አስተያየት የምትሰጠው ሴት ናት።

ማህደር ይህን የሰማች ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሠራተኛዋ እሳቱን ያስነሣሽው አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ» አለች።

«ምን አልሻት?»

«ምንም። ጀርመንኛው ሁሉ ጠፋብኝ።»

የዚያኑ ዕለት ደወልኩልዎ። የሰጡኝን መልስ አንድም ቃል ሳልጨምር ልድገመው፤ «ልጅ ናት፣ ምንም አይደርስባትም። እኔ ግን የማኅበሩ ፊት ነኝ፤ የእኔ ስም ከጠፋ አዳራሽ የሚሰጠን የለም።» ማኅበራችን ፊት እንዳለው በማወቄ ተደስቻለሁ፤ የጎደለው ዓይነ አፋርነት ብቻ ነው።

ከዚያ ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። የተከበሩ አባላት ሆይ፣ እናንተንም ሳላመሰግን አላልፍም። አንዱ ዳቦ እየቆረስኩ ነበር አለኝ፤ ሌላዋ ልጄን እያለበስኩ ነበር አለችኝ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ መነጽሬን አልያዝኩም ነበር አሉ። በዚያ አዳራሽ የነበረው ሰው ሁሉ ሻማው ሲለኮስ ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ መቆሙን ተረዳሁ። ብቻዬን ወደ ፍራው ሜትለር ሄድኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝና «የአንቺ ቃል አለ፤ የሊቀመንበሩም ቃል አለ። ሌላ ሰው አምጪልኝ» አሉኝ። የማመጣው ሰው አልነበረኝም።

የታጣው ምስክር በራሱ ጊዜ መጣ። ከጄኔቫ ባለቤትዎ ወይዘሮ ፌኔት ደወሉልኝ፤ ስለ ማህደር የሰሙት ከአንዲት ጓደኛቸው ነበር።

«እውነት ነው ልጅቷ ተጠያቂ ሆነች የሚባለው?» አሉኝ።

«እውነት ነው።»

«ያን ቀን ማታ ግዛው ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ሻማውን እኔ ነኝ ያበራሁት፣ ለሴትዮዋ ግን ልጅቷ ናት አልኳት ብሎኛል። በማግስቱ ያስተካክለዋል ብዬ ጠበቅኩት። እኔ የሰው ቁስል አጥቤ የምኖር ሴት ነኝ፤ ይህን ይዤ እንዴት ብዬ እሠራለሁ?»

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናቸው ባቡር ተሳፍረው ዙሪክ መጡ። ፍራው ሜትለር ፈረንሳይኛ ስለሚያውቁ አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የባለቤትዎን ፊት ብቻ አይ ነበር። አላለቀሱም፣ ባላቸውንም አልሰደቡም። የሚያውቁትን ተናግረው ተነሡ። ከዚያ ወደ ማህደር ክፍል ወሰድኳቸው። ማህደር ስታያቸው ለአክብሮት ከአልጋዋ ተነሣች፤ እሳቸው ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧትና ፋሻውን ፈትተው እጇን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ በአዲስ ፋሻ ጠቀለሉላት። «ይቅርታ ልጄ» አሏት። ማህደር «እርስዎ ምን አደረጉ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ ወይዘሮ ፌኔት አሮጌውን ፋሻ ሰብስበው ተነሡ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ከዚያ የሆነውን ምናልባት ስላልነገሩዎ ልንገርዎ። ፍራው ሜትለር ለመንግሥት ሠራተኛዋ ደውለው የመጀመሪያውን ቃላቸውን ሽረዋል፤ ማህደርንም ራሳቸው ጠርተው ይቅርታ ጠይቀዋታል። አዳራሹ ለማኅበራችን አልተዘጋም፤ የተዘጋው ለእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። የፀጉር ቤቷ ባለቤት ማህደርን አላሰናበቷትም፤ በግራ እጇ ቀጠሮ ትመዘግባለች፣ ፀጉር ትጠርጋለች። አመልካች ጣቷ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ መቀስ መቼ እንደምትይዝ ሐኪሙም አያውቅም። የፈቃዱም መልስ አልመጣም። እንግዲህ «ምንም አይደርስባትም» ያሉት ይህን ነው።

ከሁሉ የማመሰግንዎ ግን ባለፈው እሑድ መልእክትዎ «በጥንቃቄ ጉድለት የደረሰውን አደጋ ይቅር ብለን እንለፈው» ስላሉን ነው። ያቃጠለ ሰው የተቃጠለውን ይቅር ሲል ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ወደ ዙሪክ ይምጡ፤ ያን ቀን በነበረው ሰው ፊት ይቁሙ፤ ሻማውን ማን እንዳበራና ማህደር ምን እንዳደረገች ይናገሩ፤ ከዚያ መንበሩን ያስረክቡ። ማህደር ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ተይው፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለችኝ። እሷ የአክብሮት ልጅ ናት፤ ያሳደጓት ሰዎች ይመስገኑ። እኔን ያሳደጉኝ ግን ትልቅ ሰው ሲያጠፋ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ጆሮው ደክሞ ይሆናል እያሉ ነው።

ከወንበርዎ እስኪነሡልን ድረስ ከነሙሉ አክብሮቴ ቆሜ የምጠብቅዎ፣

የወይንሐረግ
ሽዋመንዲንገን፣ ዙሪክ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ያን ቀን የማህደርን እጅ ወጥ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይዤ ሳለሁ ወለላ መድረኩ ሥር ገብታ ተደብቃ ነበር። ልጆቹ በሥጋ ቢያባብሏት፣ በስሟ ቢጠሯት አልወጣችም፤ እንስሳ ብትሆንም ማጥፋቷን አውቃለች። እርስዎ በዚያው ሰዓት ማይክራፎኑን ይዘው ስለ ወጣቶች ሥነ ምግባር ይናገሩ ነበር፤ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር።